ብስኩቱን ያኖረው ሳጥኑ ነው

ባለፈው ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ አዳማ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ሁለት ካርቶን ኩኪስ ተመልሶባቸው በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። በአንዲት የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ቤታቸው ውስጥ እየጋገሩ ለሰፈር ሱቆችና መናኸሪያው አካባቢ ላሉ ቡና ቤቶች ያስረክባሉ። ወንዱ ልጃቸው ያከፋፍላል፣ ሴቷ ሒሳብ ትይዛለች። ባለሱቁ የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ «እትዬ፣ ለስልሷል፤ ደንበኛ አልቀበልም አለኝ።» አፉ በቋጠሮ ከታሰረው ፌስታል አንዱን አውጥተው ሰጡኝ። ጣዕሙ ያው ነው፤ ቅቤው አለ፣ ስኳሩ አለ። ሲነከስ ግን ድምፅ የለውም። በሁለት ጣቴ ይዤ ልሰብረው ስሞክር ሳይሰበር ጎበጥ አለ። ልጃቸው ማርጋሪኑ ይቀነስ፣ የፉርኖ ዱቄቱ ይቀየር ይላል። እናትየው መልስ ሳይሰጡ ካርቶኑን ያያሉ።

አሠራራቸው ምንም አልጎደለውም ነበር። የጎደለው ማሸጊያው ነው። ይህን ላስረዳቸው ብዬ የጀመርኩት ወሬ እየሰፋ ሄዶ ሃኖቨር በምትባል የጀርመን ከተማ ከ130 ዓመታት በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ የብስኩት ፋብሪካ ላይ አደረሰን። ባልዘን ይባላል። በቤተሰብ የተጀመረ መጋገሪያ በምን እንደሚያድግ፣ በምን እንደሚከፋፈልና በምን እንደሚያፍር የእርሱን ያህል ገልጦ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ እርጥበት። ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውሃ ነው። ብስኩት ውስጥ የሚቀረው ውሃ ግን ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ስለዚህ ዳቦ ክፍት ሆኖ ሲያድር ውሃውን ለአየሩ እየሰጠ ይደርቃል፤ ብስኩት ደግሞ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይለሰልሳል። በውስጡ ያለው ስኳር እርጥበት ወዳጅ በመሆኑ ነገሩን ያፋጥነዋል። ሁለቱ ከአንድ ጆንያ ዱቄት ወጥተው በተቃራኒ መንገድ ያረጃሉ ማለት ነው። ልዩነቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፦ በ1991 አንድ የእንግሊዝ የግብር ችሎት ጃፋ ኬክ የሚባለው ምርት ኬክ ነው ወይስ ብስኩት የሚለውን ሲመረምር፣ ከመዘናቸው ነጥቦች አንዱ ሲያረጅ ይደርቃል ወይስ ይለሰልሳል የሚለው ነበር። ይደርቃል፤ ኬክ ነው ተባለ፤ ከታክሱም ዳነ።

አዳማ አብዛኛውን ዓመት ሞቃትና ደረቅ ስለሆነች ጎረቤቴ ከመስከረም እስከ ግንቦት ይህ ችግር አይታያቸውም። ሐምሌ ሲገባ አየሩ ይከብዳል። ያኔ የፌስታል ቋጠሮ ከተከፈተ በር ብዙ አይሻልም። ሌላም ነገር ነበር፤ ልጁ ለማድረስ ስለሚቸኩል ኩኪሱ ሳይቀዘቅዝ ይከተታል። ትኩሱ የሚተነፍሰው እንፋሎት ፌስታሉ ውስጥ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ እዚያው ኩኪሱ ላይ ይወርዳል። ጠላት ከውጭም ከውስጥም ገባ።

ይህን ጠላት ቀድመው ካሸነፉት ቤተሰቦች አንዱ እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ውስጥ ይኖር ነበር። ጆሴፍ ሀንትሊ በ1822 ሱቁን የከፈተው ከለንደን ወደ ባዝ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የመንገደኛ ሠረገላዎች ከሚቆሙበት ማረፊያ ቤት ትይዩ ነው። ልጅ እየላከ ለተሳፋሪዎቹ ብስኩት ያሸጥ ነበር። መንገደኞቹ ወደዱት፤ ከተማቸው ሲደርሱም ላክልን ማለት ጀመሩ። ብስኩቱ ግን በጉዞ ይሰባበራል፣ ይለሰልሳል። መፍትሔው እዚያው ቤት ተገኘ። ታናሽ ልጁ የብረታ ብረት ሥራ ነበረውና ለአባቱ ብስኩት የቆርቆሮ ሳጥን ሠራለት። አባት ይጋግራል፣ ልጅ ያሽጋል። በ1841 ጆርጅ ፓልመር የሚባል ሰው ሲቀላቀል ሱቁ ወደ ፋብሪካ አደገ፤ የሀንትሊ እና ፓልመርስ የቆርቆሮ ሳጥንም ዓለምን ዞረ።

ይህን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ አዳማ ናት። ከተማችን ያደገችው በመንገደኛ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው፤ ዛሬም ወደ ሐረር የሚሄደውና ወደ አርሲ የሚሄደው መኪና የሚለያየው እዚህ ነው። ስንዴው ከአርሲ ይወርዳል። ስኳሩ አጠገባችን ወንጂ ነው፤ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ፋብሪካውን ሥራ ያስጀመረው በ1954 ነበር። ስንዴ፣ ስኳር፣ መንገደኛ፦ የሬዲንጉ ሱቅ ከዚህ የበለጠ አልነበረውም።

ወደ ባልዘን እንሂድ። ሄርማን ባልዘን በ1859 ሃኖቨር ተወለደ። ነጋዴ እንጂ ጋጋሪ አልነበረም። ለንደን ውስጥ በስኳር ንግድ ሲሠራ እንግሊዞች ብስኩታቸውን እንዴት እንደሚያመርቱና እንደሚሸጡ በዓይኑ አየ። በ1889 አገሩ ተመልሶ የእንግሊዝ ዓይነት ኬክና ብስኩት ትሠራ የነበረች አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ያዘ። ሠራተኞቹ አሥር ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እስከ ዛሬ የሚበላውን ባለ አራት ማዕዘን የቅቤ ብስኩት አወጣ፤ ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፤ ማዕዘኖቹ ተቆጥረው 52 ጥርስ። የዚህ መልክ ቀዳሚ የፈረንሳዩ ፔቲ በር ነው፤ እርሱም ናንት ከተማ ውስጥ ባልና ሚስት ከጀመሩት ቤት በ1886 የወጣ ነው። የቤቱ ስም የሁለቱ ስም ነው፦ የባልየው ለፌቭር፣ የሚስቲቱ ዩቲል። ሚስት ከበስተጀርባ ሳትቀር ስሟ ሳጥኑ ላይ መውጣቱን እወድላቸዋለሁ።

ባልዘን ግን ለብስኩቱ የራሱን ስም አልሰጠውም። ሃኖቨር ኖሮ በ1716 እዚያው በሞተው ፈላስፋ በጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒትስ ስም ጠራው። በዚያ ዘመን ምግብን በታዋቂ ሰው መሰየም የተለመደ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ላይብኒትስ የልሳናት ነገር እጅግ ይስበው ስለነበር ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ለዓመታት ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍ ማለት ግዕዝንና አማርኛን ከእኛው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ምሁር ነው። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ያስተማሩት ትምህርት በሉዶልፍ በኩል ለዚህ ፈላስፋ ጆሮ ደርሷል። የብስኩት ማሸጊያ ላይ ያለ ስም እንዲህ ቤታችን ድረስ ይመልሰናል።

ስለ ስም ካነሣን፣ ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ባልዘን ምርቱን መጀመሪያ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ «ላይብኒትስ ኬይክስ» ብሎ አወጣው። ጀርመኖች ግን በራሳቸው ንባብ «ካኬስ» እያሉ አስቸገሩ። በ1911 አጻጻፉን ወደ አንደበታቸው አቅርቦ «ኬክስ» አደረገው፤ ብዙ ሳይቆይ ቃሉ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ገባ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» በእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ናት። ጀርመኖች ቃሉን ከነ«ስ»ዋ ነጠላ አድርገው ለብዙው የራሳቸውን መድረሻ ጨመሩበት። እኛም ኩኪስ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። «አንድ ኩኪስ ስጠኝ» እንላለን፤ ሲበዛ «ኩኪሶች»። ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ «እኛ ብቻ መስሎኝ!» አሉ። ብስኩት የሚለው ደግሞ ከላቲን የመጣ ሆኖ መነሻ ትርጉሙ ሁለት ጊዜ የተጋገረ ማለት ነው። ሁለተኛው መጋገር ውሃን ለማውጣት ነበር፤ ቃሉም ከጥንት ጀምሮ የሚናገረው ስለ እርጥበት ነው።

በ1898 ባልዘን እንዲህ ብሎ አስተዋወቀ፦ «የሰው ልጅ መንገድ ላይ ምን ይበላል? ላይብኒትስ ኬይክስ ነዋ!» አሁንም መንገደኛ። መንገደኛ ግን ኪሱ ውስጥ የሚይዘው፣ ባቡር ጣቢያ የሚገዛው፣ ሳይለሰልስ የሚደርስ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ በ1904 አቧራና እርጥበት የማያስገባ የካርቶን ማሸጊያ ወጣ፤ መለያውም «ቴት» ሆነ። ቴት ከጥንታዊ ግብፅ ጽሕፈት የተወሰደ ነው፤ ዘላለማዊ፣ ነዋሪ ማለት ነው። ምልክቱ ዛሬም ፓኬቱ ላይ አለ። እባብ አለ፣ ግማሽ ክብ አለ፣ ከሥር ምድርን የሚያመለክት መስመር አለ። ያችን ግማሽ ክብ የግብፅ ጽሕፈት ሊቃውንት ከምን ሥዕል እንደመጣች ያውቋታል፦ ሙልሙል ዳቦ ናት።

እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን ብዙ ባለሱቆች ብስኩት ከበርሜልና ከትልቅ ሣጥን እየዘገኑ በሚዛን ይሸጡ ነበር። ገዢው ማን እንደጋገረው አያውቅም፤ ከበርሜሉ ሥር ያለው ስንት ወር እንደቆየም አይጠይቅም። የታሸገው ግን የሠሪውን ስም ይዞ እጅ ላይ ይወድቃል። ከለሰለሰ ወቀሳው ወደ ማን እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ ጣፍጦ ከተገኘ ደግሞ ገዢው ተመልሶ በስሙ ይጠይቃል። የምግብ አሠራርን ማንም ቀምሶ ሊደርስበት ይችላል። የቅቤ ብስኩት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤና ጥቂት ጨው ነው፤ ምሥጢር የለውም። ቤተሰቡን ያበለጸገው ሳጥኑና ሳጥኑ ላይ ያለው ስም ይመስለኛል።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1905፣ ፋብሪካው ተንቀሳቃሽ የማጓጓዣ ቀበቶ ዘረጋ። ፎርድ መኪናን በእንዲህ ያለ ቀበቶ መገጣጠም የጀመረው በ1913 ነው፤ ብስኩት በስምንት ዓመት ቀደመው። ሠራተኞቹ ከሺህ አለፉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። መሥራቹ በ1919 ሲሞት ለልጆቹ ያወረሰው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ስም ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ታሪክ ነው። ብዙዎቹ የቤተሰብ ድርጅቶች ታሪካቸውን የሚያቆሙት እዚህ ነው፤ መሥራች፣ ሜዳሊያ፣ አሮጌ ማስታወቂያ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

ልጆቹ ፋብሪካውን በያዙበት ዘመን ናዚዎች ሥልጣን ላይ ወጡ፤ ጦርነቱ መጣ። ብስኩት ቀላል፣ ደረቅና የማይበላሽ ስለሆነ ለወታደር ስንቅ ይመቻል፤ ፋብሪካውም ለጦር ሠራዊቱ አመረተ። የጎደለውን የሰው ኃይል የሞሉት ከተያዙ አገሮች በግዳጅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ በብዛት ከፖላንድና ከዩክሬን የተወሰዱ ሴቶች። ባልዘን በተያዘችው ኪየቭ ውስጥ የነበረን የብስኩት ፋብሪካም ያስተዳድር ነበር። በዚያ ሥርዓት ፖላንዳውያን ልብሳቸው ላይ «ፒ» የሚል ፊደል፣ ከሶቭየት ምድር የመጡት ደግሞ «ኦስት» የሚል ቃል፣ ምሥራቅ ማለት ነው፣ ሰፍተው እንዲለብሱ ይገደዱ ነበር። ብስኩቱ ላይ የቤተሰብ ስም አለ፤ የጋገረችው ሴት ደረት ላይ ፊደል አለ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከእነዚያ ሴቶች አንዳንዶቹ ካሳ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ በ2000 ጥያቄውን በይርጋ ውድቅ አደረገው። ድርጅቱ በዚያው ጊዜ ለቀድሞ የግዳጅ ሠራተኞች ለተቋቋመው የጀርመን ተቋም 1.5 ሚሊዮን ማርክ ሰጠ። ነገሩ የተዘጋ መሰለ። በ2019 ግን ከመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጆች አንዷ ለጋዜጣ ስትናገር የግዳጅ ሠራተኞቹ እንደ ጀርመኖቹ እኩል ይከፈላቸው ነበር፣ በደንብ ተይዘው ነበር አለች። አገር ተቆጣ። እርሷም ይቅርታ ጠየቀች፤ ቤተሰቡም የድርጅቱን መዝገቦች ከፍቶ የታሪክ ምሁራን እንዲያጠኑ አደረገ። ጥናቱ በ2024 ታተመ። ቀድሞ የሚነገረው የግዳጅ ሠራተኞች ቁጥር 200 ያህል ነበር። ምሁራኑ ያገኙት ከ800 በላይ ነው።

ልጅቷ የተናገረችውን ሆን ብላ የዋሸች አድርጌ አላየውም። ቤት ውስጥ ሲወራ የሰማችውን ነው የተናገረችው፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል። ቤተሰብ ስለ ራሱ የሚያወራው ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያልፍ እየጣፈጠ ይሄዳል። መዝገብ ግን አይጣፍጥም። 800ው ሰው የተገኘው ከመዝገብ ነው።

የመከፋፈሉ ነገር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ወራሾቹ ለዓመታት ሳይስማሙ ቆዩና በ1999 ድርጅቱን ተካፈሉ። የጣፋጩ ብስኩት ንግድ ለቬርነር ሚካኤል ሆነ፤ የጨዋማው፣ የድንች ጥብሱና የመሳሰለው ንግድ ለወንድሙ ለሎሬንስ። ሁለቱም እስከ ዛሬ አሉ። መከፋፈል ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ምርቱ በተፈጥሮው ሁለት ከሆነ ቤቱም ሁለት ሊሆን ይችላል። ስሙ ደግሞ እንደ ጥንቱ ይሠራል። በ2013 የዋናው መሥሪያ ቤት ግንብ ላይ የተሰቀለው ባለ ወርቅ ቅብ ብስኩት ተሰርቆ፣ ሌባው ብስኩት ለሕፃናት ይታደል ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ድርጅቱ ምልክቱ ከተመለሰ 52 ሺህ ፓኬት ለ52 የበጎ አድራጎት ተቋማት እሰጣለሁ አለ። ጥርሶቹን ቆጥሮ ነው።

ለአዳማ ጋጋሪ ቤተሰብ የመከፋፈሉ ጉዳይ ሕግ ላይ ይወድቃል፤ በቀላሉ ልግለጸው። ጎረቤቴ የሚሠሩት በግላቸው ስም ባወጡት ንግድ ፈቃድ ነው። ይህ ማለት የንግዱ ዕዳ የእርሳቸው ዕዳ ነው፤ አበዳሪ ቢመጣ መጋገሪያውንና ሶፋውን አይለይም። እርሳቸው ቢያልፉ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች እኩል ይወርሳሉ። አሥር ዓመት ያከፋፈለውም፣ ሌላ ከተማ የሚኖረውም እኩል። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዲት መጋገሪያ ለሦስት አትቆረስም። በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ቀድሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ማኅበሩ ከባለቤቱ የተለየ ሕጋዊ ሰው ነው፤ ንብረቱም ዕዳውም የራሱ። ድርሻ ስለሚኖረው እናት ለልጆቻቸው በሕይወት ሳሉ እየከፈሉ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ማን ያስተዳድራል፣ መውጣት የፈለገ ድርሻውን ለማን ይሸጣል የሚለው በመመሥረቻ ጽሑፉ ሊሰፍር ይችላል። የባልዘን ወራሾች ዓመታት የፈጀባቸው ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚያ ክረምት ወዲህ ጎረቤቴ ዘንድ ሁለት ነገር ተለውጧል። አንደኛው፣ ኩኪሱ ከትሪው ወርዶ በወንፊት ሽቦ ላይ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ ልጁ እየተነጫነጨም ቢሆን ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ የፌስታሉን ቋጠሮ ትተው ወፍራም ፕላስቲክ በሙቀት የምታጣብቅ ትንሽ ማሸጊያ ገዙ። ስትጫን ጭስስ ትላለች፣ ቀጭን መስመር ትተዋለች። ባለፈው ሳምንት በዚያች የታሸገ፣ ሁለት ሳምንት የቆየ አንዱን ከፈትንና ሰበርኩት። ቀጭ አለ። እናትየው ከቡና ረከቦቱ ማዶ ሆነው ድምፁን ሰሙት።

ስሙን ምን እንበለው በሚለው ላይ ገና አልተስማሙም። ልጁ የእናቱን ስም ይፈልጋል፤ እርሳቸው «ምኑን ብዬ ስሜን ፓኬት ላይ!» ይላሉ። ሴቷ ልጃቸው ይህ ክርክር እስኪያልቅ አልጠበቀችም። አዲስ ደብተር ገዝታ በየቀኑ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደገባ፣ ስንት ፓኬት እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተመለሰ ትጽፋለች። ደብተሩን ገልጬ አየሁት። በመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከእናቷና ከወንድሟ ስም በፊት፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ሊጥ በማድበልበል የምታግዛቸው ልጅ ሙሉ ስም ከነአባቷ ሰፍሯል፤ ከጎኑም የቀን ሒሳቧ።